ድኩላውን ማን ይባርከው

እኔ ከጊዮርጊስ ጀርባ ተወልጄ እዚያው ያደግኩ ልጅ ነኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የማውቀው አውሬ ቢኖር ከእንጦጦ ወርዶ የሚጮህ ጅብ ነው፣ እሱንም በድምፅ ብቻ። ስለዚህ አዳኝ ልሆን ነው ብዬ ያወራሁ ቀን ሰፈሩ እንዴት ሙድ እንደያዘብኝ አስቡት። እህቴ ሜላት ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀችብኝ። በአራተኛው ቀን የምሬን መሆኑ ሲገባት ደሞ ቁጭ ብላ፣ «አንተ እኮ በረሮ እንኳን በመጥረጊያ እየሸኘህ ነው የምታስወጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሸኛለሁ።

ነገርዬው የመጣው በጋሽ ኡመር ነው። ጋሽ ኡመር እኛ ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ በር ሁለት ክፍል አለፍ ብሎ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ለአንድ የአደን ድርጅት ሠርተዋል። ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን ጫካ ይዞ የሚገባው፣ ዱካ የሚያነበው፣ ተኩስ ሲሳት የሚያስተካክለው እሳቸው ናቸው። ቢሮው እዚሁ ፒያሳ የቆየ ፎቅ ላይ ነው፣ በሚንቋቋ የእንጨት ደረጃ ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ ከቀንድ በቀር ምንም የለም። አሁን ጉልበታቸው እምቢ አለ። ዘንድሮ የመጨረሻቸው ነው። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ትርሓስ የሚተካዎትን ሰው ያምጡ አለቻቸው፣ እሳቸውም ከስንቱ ጎረምሳ መርጠው እኔን ጠሩ። ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ የምውለውን እኔን።

ለምን እኔን እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ ልጅ ሆኜ በራቸው ላይ ተቀምጬ የጫካ ወሬ ሲያወሩልኝ አፌን ከፍቼ እሰማ እንደነበር አስታወሱኝ። በቀረው ጊዜ ለፍላፊ ነኝ፣ ሰፈሩ ያውቀዋል። ስለ አውሬ ሲወራ ግን ዝም የምለው ነገር አለ።

ውሉ እንዲህ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ድርጅቱ ለእኔ መለማመጃ የአንድ ወንድ ድኩላ ፈቃድ ያወጣል። ተኳሹ እኔ ነኝ። ጋሽ ኡመር አጠገቤ ሆነው ያያሉ፣ ተመልሰው ለወይዘሮ ትርሓስ ወይ «ደርሷል» ወይ «አልደረሰም» ይላሉ። ደርሷል ካሉ ሥራው የእኔ ነው። አልደረሰም ካሉ ቢሮው ያዘጋጀው ሌላ ሰው አለ፣ እኔ ወደ ፎቶ ኮፒዬ። ሁለተኛ ዕድል የለም።

መተኮሱ ለምን እንደሚያስፈልግም ነገሩኝ። እንግዳው ተኩሶ ካቆሰለ የሚጨርሰው ረዳቱ ነው። ቁስለኛ ጥሎ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ኡመር ቁጣ የሚባል የማያውቁ ሰው ናቸው፣ ይቺን ሲሉ ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

«ገድለህ ና፣ ሳትገድል ና፣ ግዴለኝም። አቁስለህ ያስጠበቅከው እንደሁ ግን ሁለተኛ አብረን አንወጣም።»

ትምህርቱ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው፣ ያለ ጠመንጃ። የጊዮርጊስ ርግቦች ከግቢው በር ገባ ብሎ መሬቱን ሞልተው ስንዴ ሲለቅሙ አይታችኋል አይደል። በመሃላቸው አልፌ እስከ ዛፎቹ ድረስ እንድሄድ ነው የታዘዝኩት፣ አንዷ እንኳን ሳትነሳ። ጋሽ ኡመር ውጪ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቁኛል። የመጀመሪያው ቀን እግሬን ሳነሳ ርግቡ ሁሉ ተነሳ። ሁለተኛውም ቀን። ሳምንቱን ሙሉ። ማታ ማታ ስህተቴን ይነግሩኛል፤ በተረከዝህ ትመታለህ፣ ቀጥ ብለህ ታያቸዋለህ፣ ቆም ሄድ ትላለህ፣ ሊበላቸው የመጣ አውሬ እንደሚያደርገው ነው የምታደርገው ይሉኛል። እኔ ደሞ ጠዋት ተመልሼ እሞክራለሁ። ኪዳን ሊያደርሱ የሚመጡ እናቶች ቆመው ያዩኛል። አንዷ ለእማዬ ልጅሽ ርግብ ሊሰርቅ ነው ብላ ነገረቻት። ሌላዋ ጠበል ይሞክር አለች። እማዬ ለሁለቱም ሥራ ይዞ ነው ብላ መለሰችና ቤት ገብታ የሁለቱንም ደርባ እኔ ላይ ጮኸችብኝ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አለፍኩ። እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። አንዷ ርግብ መንገድ ስትለቅልኝ በእግሯ ዞር ብላ ነው የለቀቀችው፣ እንደ ሰው። ዛፉ ጋ ደርሼ ዞር ስል ጋሽ ኡመር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከሊስትሮ ጋር ያወራሉ። ተናድጄ ሄድኩና ሳያዩኝ እኮ አለፍኩ አልኳቸው። «ሰማሁ» አሉኝ፣ ዞር እንኳን ሳይሉ። ምን እንደሰሙ ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የሰሙት የክንፍ ድምፅ አለመኖሩን ነው።

ከዚያ የሽታው ነገር መጣ። የፀጉር ቅባት ቀረ፣ ሽቶ ቀረ፣ ልብስ በኦሞ ማጠብ ቀረ። ሜላት ካፌ ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አቆመች፣ ጓደኞቿ ማነው እሱ ሲሏት ጎረቤት ነው አለቻቸው።

ታኅሣሥ ላይ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው የእንስሳት ሙዚየም ወሰዱኝ። ገለባ የተሞላ ድኩላ ፊት አቆሙኝና ልቡ የት ነው አሉኝ። ደረቱ መሃል ላይ ጠቆምኩ። ተሳስተሃል። ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ ከጎን፣ ከፊት፣ ከሰያፍ፣ በሁሉም በኩል እያዞሩ ጠየቁኝ። ዘበኛው ጣቴን እንደ ጠመንጃ ዘርግቼ ሲያየኝ መጣና ምን እያደረጋችሁ ነው አለ። ጋሽ ኡመር በቀስታ ሲያስረዱት፣ ሰውዬው እሱም መገመት ጀመረ፣ ኋላም ወንበር አምጥቶላቸው ሦስታችንም ልብ ስንፈልግ ዋልን። ልንወጣ ስንል ጋሽ ኡመር የድኩላውን ዓይን አሳዩኝ። የመስታወት ነው። እውነተኛውን ስታይ የተማርከው ሁሉ ከጭንቅላትህ ይጠፋል፣ እጅና እግርህ ግን አይረሱም፣ የማለፋህ ለዚህ ነው አሉኝ።

ጠመንጃውን በመጨረሻ ነው የያዝኩት። የቢሮው ሾፌር አርአያ ከከተማ አውጥቶ ሜዳ ላይ ወሰደን። ሰደፉ ትከሻዬን እንዴት እንደመታኝ አልነግራችሁም። በሦስተኛው ጊዜ ስንሄድ ከአምስት ጥይት አራቱን ሳህን በምታህል ክብ ውስጥ አስገባሁ፣ አርአያም «በል እንግዲህ፣ ሳህን ካጋጠመህ አይተርፍም» ብሎ አላገጠብኝ።

የቀረው ደም ነበር። እኛ ቤት አባቴ ካረፈ ወዲህ የበዓል ዶሮ የሚያርዱልን ጎረቤታችን ጋሽ አባይነህ ናቸው። በገና ዋዜማ እኔ ነኝ የማርደው አልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ተሳካ። ግን በማግስቱ ወጡ ሲቀርብ አልበላ አለኝ። እማዬ ዶሮ የማይበላ አዳኝ ወለድኩ ብላ ለግቢው ሁሉ አዳረሰች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ነው የተሳሳትኩት። ጋሽ ኡመር በር ላይ ሻይ እየጠጣን ነበር። ዶሮ አርጃለሁ፣ ርግብ አልፌያለሁ፣ ሳህን መትቻለሁ፣ ልቤ ሞልቷል። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ድኩላ ጉበቱ የእርስዎ ነው። ቃሌ ነው» አልኳቸው። አዩኝ። ፈገግ አሉና «ኢንሻአላህ» አሉኝ።

እስቲ አሁን አስቡት። እኛ ግቢ ክርስቲያንና እስላም አንድ ቧንቧ ነው የምንቀዳው። ሠርግ ሲሆን ድንኳኑ አንድ ነው፣ ድስቱ ግን ሁለት። እነሱ የኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የነሱን አንበላም፣ ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም፣ ገና ያልተማረ ሕፃን እንኳን ያውቀዋል። በዓመት በዓል እማዬ ለጋሽ ኡመር ቤት የምትልከው ዶሮ ከነነፍሱ ነው፣ እነሱ ራሳቸው እንዲባርኩት። ያን ዕለት ጠዋት ዶሮዋን ይዤ በራቸው የሄድኩት ራሴ ነኝ። ማታ ላይ ግን እኔ የባረክሁትን ጉበት አበላዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ድኩላ የጫካ ስለሆነ ይሄ ሁሉ የማይመለከተው መስሎኝ ነው መሰለኝ።

ጥምቀት አልፎ በሦስተኛው ቀን ወጣን። ላንድክሩዘሩን አርአያ ነዳ፣ ወደ አርሲ፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ላይ። ብርዱ ሌላ ነው። ድንኳን ውስጥ አደርን፣ ገና ሳይነጋ አርአያ መኪናው ጋ ቀረ፣ እኛ ሁለታችን ተነሳን። ጋሽ ኡመር ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ ነው የሚሄዱት፣ ግን ከዘራው ድምፅ የለውም። ትልልቅ የኮሶ ዛፎች አሉ፣ ከቅርንጫፋቸው የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እስከ መሬት የወረደ፣ ከሥራቸው ጭጋግ ተኝቷል። ፒያሳ ላይ ዝምታ ማለት የመኪና ጥሩምባ ለአፍታ ሲያቋርጥ ነው። እዚያ ግን ዝምታው ራሱ የሆነ ነገር ነበር፣ እንደ ሰው ከጎንህ የሚቀመጥ። አንድ ገላጣ ቦታ አፋፍ ላይ በደረታችን ተኛን። ጠበቅን። ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው እስኪጠፋኝ ድረስ ጠበቅን።

መጣ።

መጀመሪያ ጨለማ ነው የመሰለኝ። ከጫካው ጨለማ አንድ ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ ብርሃኑ የወጣ። ከዚያ ቀንዶቹን አየሁ፣ እንደተጠማዘዘ እሳት ወደ ላይ የሄዱ። ጉሮሮው ላይ ነጭ አለ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሰው በጣቱ ነክሮ የነካካው የሚመስል ነጠብጣብ። ፀሐይዋ ስትነካው ጀርባው ላይ ያለው ጤዛ መትነን ጀመረ። እየተነነ ቆመ። የፊት እግሩን አነሳና አላወረደውም፣ መሬቱን ልርገጥሽ ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ጆሮው ብቻ ዞር ይላል፣ አንዴ ወደ ሸለቆው፣ አንዴ ወደ እኛ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሙዚየም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያፈጠጥኩበት ነገር ዘመዱም አይደለም። ቦታው ሁሉ የእሱ ነበር፣ ጭጋጉም፣ ዝምታውም፣ ጠዋቱም። እኛ ሳንጠራ ሰው ቤት የገባን ነበርን።

ጠመንጃ መያዜን ረሳሁት። በእናቴ፣ ረሳሁት። ጋሽ ኡመር ከጎኔ ናቸው፣ ትንፋሻቸውን ብቻ እሰማለሁ። ልተወው ብል የሚከለክለኝ እንደሌለ ገባኝ። ልተኩስ ብልም የሚረዳኝ የለም። እግሩን ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ጎኑን ሰጠኝ። ያኔ እጄ አስታወሰ። ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ወደ ታች። ትንፋሼን አወጣሁ። ቃታውን ሳብኩ።

ድምፁ ተራራውን ዞሮ ተመልሶ መጣ። ድኩላው ወደቀ። ወዲያው ግን ጭንቅላቱ ተነሳ። ጥይቷ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዳለች። ሊነሳ ይሞክራል፣ የኋላ እግሮቹ አይታዘዙትም። ጋሽ ኡመር «ሂድ» አሉኝ። መሃላችን ቁልቁለት ነው፣ ከዚያ ዳገት። በእሳቸው ጉልበት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በወገቤ የታጠቅኩትን ካራ ይዤ ሮጥኩ።

አጠገቡ ደርሼ ተንበረከክሁ። በግራ እጄ ቀንዱን ያዝኩ። ካራውን አወጣሁ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ማን ይባርከው?

ሳይባረክ ከሞተ በክት ነው፣ ማንም አይበላውም። እኔ በስመ አብ ካልኩ የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ ጋሽ ኡመር አይቀምሱትም። እሳቸው ደርሰው ቢስሚላህ ካሉ ግን የእሳቸው ነው፣ ጉበቱም የእሳቸው፣ ቃሌም ቃል ይሆናል። እኔ ባልበላ ምን አለበት፣ የራሴን ዶሮም አልበላሁ። አርባ ዓመት ለሰው ያደኑ ሰው፣ ከስንቱ መርጠው ያስተማሩኝ ሰው፣ ለእሳቸው ይቺን ማድረግ ያቅተኛል? ደስ አለኝ እኮ። ጨዋ የሆንኩ መሰለኝ። ካራውን ዝቅ አደረግኩና ወደ ቁልቁለቱ፣ «ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ፣ እየጠበቅኩዎት ነው» ብዬ ተጣራሁ።

ድምፄን ሲሰማ ድኩላው አንገቱን አዙሮ አየኝ።

የመስታወት አልነበረም። ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ውስጡ ሰማይ አለ፣ ዛፎቹ አሉ፣ ከዛፎቹ በታች ካራ የያዘ ትንሽዬ ሰው አለ። ትንፋሹ እጄን ያሞቀዋል። አይታገልም። ዝም ብሎ ያየኛል። ጋሽ ኡመርን የሚጠብቀው እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። ቃሌን የማከብረው፣ ጨዋ የምሆነው፣ ሁሉን በእሱ ስቃይ ነው። አንዲት ነገር ብቻ አታድርግ ተብዬ ነበር፣ እሷኑ እያደረግኩ ነው።

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ደሙ ከጠበቅኩት በላይ ይሞቃል። ዓይኑ ውስጥ ያለው ሰማይ ቀስ እያለ ራቀ፣ ራቀ፣ ከዚያ ዓይን ብቻ ሆነ። ቀንዱን ለመልቀቅ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው የፈታኋቸው። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት ፊቴ ሲቀዘቅዘኝ ነው።

ጋሽ ኡመር እየቆሙ እያረፉ ደረሱ። አንገቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ጉበቱ ምናምን ብዬ ተንተባተብኩ።

«ስትጣራ ሰማሁ» አሉኝ።

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የራሳቸውን የመጀመሪያ ጊዜ ነገሩኝ። ያኔ ከእኔ ያንሱ ነበር። ተኩሰው አቆሰሉ፣ አብሯቸው የነበረው ክርስቲያን ቀድሞ ደርሶ ሊገላግለው ካራ መዘዘ። እሳቸው ከገደሉ ማዶ ሆነው ተው፣ እኔ ነኝ የምባርከው ብለው ጮኹበት። ሰውዬው አከበራቸውና ጠበቀ። ገደሉን ዞረው እስኪደርሱ ፀሐይዋ ከዛፉ በላይ ወጥታለች። ድኩላው አልሞተም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቅ ነው የቆየው።

«ባርኬ በላሁት» አሉኝ። «ሥጋው ምን ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አውቃለሁ። ብትጠብቀኝ ኖሮ ለትርሓስ አልደረሰም እላት ነበር።»

እንግዲያው የገና ዕለት ማታ ቃል ስገባልዎት ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው፣ ትንሽ ተቀይሜ።

«ብነግርህ እኔን ትሰማ ነበር። ከአሁን በኋላ ስትወጣ እኔ የለሁማ።»

ወዲያው ለአርአያ ደወሉለት። ታች መንደሩ ውስጥ ሥጋው ለየትኞቹ ቤቶች እንደሚሰጥ፣ የትኞቹ የክርስቲያን እንደሆኑ ቤት በቤት ነገሩት። ከኪሳቸው ዳቦ አወጡና ግማሹን ሰጡኝ። ድኩላው አጠገብ ተቀምጠን ደረቁን ዳቦ በላን። እኔ አንድ እጄ ጎኑ ላይ ነበር፣ ገና ይሞቅ ነበር፣ ማንሳት አልፈለግኩም።

ከጫካው ውስጥ ውሻ ጮኸ። እዚህ ደሞ ውሻ ከየት መጣ ብዬ ቀና ስል ጋሽ ኡመር እጃቸውን አነሱ። ውሻ አይደለም አሉኝ፣ ሴቷ ናት፣ ድኩላ እንዲህ ነው የሚጮኸው። ዳቧችንን አስቀመጥን። ቆባቸውን አወለቁ፣ እኔም ኮፍያዬን አወለቅኩ። ትጮኻለች፣ ዝም ትላለች፣ ቦታ ቀይራ ደግሞ ትጮኻለች። ጭጋጉ ውስጥ የት እንዳለች አይታወቅም። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሄዶ የመጨረሻው ይሁን አይሁን መለየት አቃተን፣ ያም ሆኖ ብዙ ቆየን።

አርአያ ከሁለት የመንደሩ ሰዎች ጋር መጥቶ ድኩላውን ከተሸከሙት በኋላ ጠመንጃውን ከትከሻዬ አወረድኩና ለጋሽ ኡመር ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። በከዘራቸው ወደ ቁልቁለቱ አመለከቱኝ።

«ቅደም» አሉኝ።

መንገዱን አላውቀውም ነበር። ቀደምኩ።